ገመዱ አይሸጥም

ድንጋይ ተሸክሜ ነው ያደግሁት። ላሊበላ ዳር ልጆች መቀመጫ በሌላት ቀላል ሞተር ላይ ቆመው፣ እግራቸው መሬት ሳይነካ ቋጥኝ ሲወጡ ሳይ እኔም ልማረው ቆረጥኩ። የራሱ ሞተር የሌለውን ግን አያለማምዱም።

የቆጠብኩት ለአሮጌ ብቻ ይበቃል። መጀመሪያ ያየኋት ታብረቀርቃለች፤ አጋድሜ ላነሳት ስል አቃተኝና ተውኳት። ጀማሪ መውደቁ አይቀርም፤ ብቻውን የሚያነሳትን መግዛት አለበት። ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አያ ሞላ የሚባሉ ገበሬ፣ ልጃቸው ትታላቸው የሄደቻት ቀጭን ሞተር ነበረቻቸው። አጋደምኳት፣ አነሳኋት፣ ቁልቁል ነድቼ ፈተንኳት። ከፈልኩ።

አያ ሞላ መርቀውኝ ሲያበቁ መሪዋ ላይ የተንጠለጠለችውን ገመድ ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ። ሞተሯ ቀጥ አለች። ገመዷ ጫፏ ላይ ማግኔት አላት፤ ነጂ እጁ ላይ ያስራታል፣ ሲወድቅ ተነቅላ ሞተሩን ታጠፋለች። ያለ እሷ አይነሳም።

«አያ ሞላ፣ ገመዷን ይስጡኝ እንጂ።»

«ከብት ከነገመዱ ሲሸጥ የት አይተሃል? በረከቱ ተከትሎት ይሄዳል። ገዢ ነው ገመድ ይዞ የሚመጣ።»

«ይቺ እኮ በቅሎ አይደለችም!»

«ታዲያ እንደ በቅሎ ቁልቁል ስትፈትናት የዋልከው ለምንድን ነው?»

«ካልሰጡኝ አልነቃነቅም» ብዬ ደጃቸው ላይ ቁጭ አልኩ።

እሳቸው ቤት ገብተው ቢላዋ ይዘው ወጡ። ብድግ ብዬ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ።

ገመዷን ከማግኔቷ ሥር ቆረጧት። ማግኔቷን መዳፌ ላይ አስቀመጡና ገመዷን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ።

«በል፣ የራስህን እሰርባት» አሉኝ።