ለጨዋታ የገዛኋት መኪና

ዓርብ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከልጄ ከዮናታን ጋር ሽኩና ጊሜል በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን ወጣን። የምንሄደው ከቤር ሼቫ ወደ ሰሜን፣ ሐደራ ነው፤ በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል። ጉዳያችን አንዲት ያገለገለች መኪና አይተን፣ ከተስማማችን ገዝተን መመለስ ነበር። ይህን የምጽፈው ለልጁ መኪና ለመግዛት ለሚያስብ አባት ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው። ስለ ሞተር ምክር የሚፈልግ ግን ሌላ ሰው ይጠይቅ።

መኪናዋ ስትታይ ምንም አይደለችም። አጭር፣ ባለ አምስት በር፣ አንዲት አስተማሪ ልጆቿን ይዛ ገበያ የምትሄድባት ዓይነት ናት። ሆዷ ውስጥ ግን የእሽቅድምድም ሞተር ተቀምጧል። ወጣቶቹ «ሆት ሃች» ይሏታል። ዮናታን ፎቶዋን በስልኩ ሲያሳየኝ «ሆት» ትኩስ ማለት ነው ቢለኝ፣ «ዳቦ ናት እንዴ?» አልኩት። ሳቀ። የልጄን ሳቅ ከሰማሁ ወራት አልፈው ነበርና መኪናዋን የገዛኋት ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ዮናታን ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ከሠራዊት ከወጣ ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። አንድ ወር ሱቅ ውስጥ ሠራና ተወው። ከዚያ ወዲህ ክፍሉን ዘግቶ ይውላል። ምግብ እዚያው እናደርስለታለን፤ ሰሃኑ አንዳንዴ ባዶውን ይመለሳል፣ አንዳንዴ እንዳለ ይመለሳል። ምን ሆነሃል ስንለው «በሰደር» ይላል፣ ደህና ነኝ እንደ ማለት። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ዝም ያለ ልጅ አልነበረውም።

ባለቤቴ ትርንጎ «አናግረው እንጂ! አባቱ አይደለህም?» ትለኛለች። በምን ላናግረው? የእኔ ዕብራይስጥ የፋብሪካ ዕብራይስጥ ነው፦ አንሣ፣ አስቀምጥ፣ ተጠንቀቅ። የእሱ አማርኛ የማዕድ አማርኛ ነው፦ ብላ፣ በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በእነዚህ መካከል ሰው ሆዱን የሚገልጽበት ቃል የለም።

እናም አንድ ዘዴ መጣልኝ። የምሠራው ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካዎች ሰፈር፣ ፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ነው። መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ ሦስት ጊዜ ተፈትኜ ወድቄ ተውኩት። ልጁ የሚወዳትን መኪና ብገዛ ጠዋት ያደርሰኛል፣ ከሰዓት ይመልሰኛል። ሲሄድ ሃያ ደቂቃ፣ ሲመለስ ሃያ ደቂቃ፣ በቀን አርባ ደቂቃ ከጎኔ ይቀመጣል፤ በር አይዘጋብኝም። ሰው በአርባ ደቂቃ ስንት ነገር ይጫወታል። ለትርንጎ «ለሥራ መሄጃ» አልኳት እንጂ መኪናዋ የምትገዛው ለጨዋታ ነበር።

ባቡር ላይ

ባቡሩ በወታደሮች ተሞልቷል፤ ለሰንበት ወደየቤታቸው የሚሄዱ ልጆች ናቸው። ቦርሳቸውን ታቅፈው አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ዮናታን አንድ ጊዜ አያቸውና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ የጆሮ ማዳመጫውን አደረገ። ከዚያ በኋላ እስከ ቴል አቪቭ ያየሁት ጀርባውን ነው።

እኔም አገሩን ማየት ያዝኩ። ከላሐቪም በኋላ እርሻው የታጨደ ነው፤ ገለባው በትልልቅ ጥቅል ታስሮ ሜዳው ላይ ተኝቷል። ክርያት ጋት ስንደርስ አረንጓዴ ነገር መታየት ጀመረ። ትርንጎ ከቋጠረችልኝ ዳቦ ቆሎ ዘገንኩና በእጁ ላይ አደረግሁለት። ሳያየኝ በላ። ደስ አለኝ፤ እንዲህ ባለ ነገር ደስ የሚለኝ ሰው ሆኛለሁ።

ቴል አቪቭ ላይ ባቡር ለመለወጥ ወርደን ቡሬካስ የሚሉትን የምድጃ ሳምቡሳ አንዳንድ ከእንቁላል ጋር ገዛን፤ የአንዱ ዋጋ ሃያ አራት ሰቅል። «በዚህ ዋጋ ሙሉ ዶሮ እገዛ ነበር» አልኩ። ዮናታን ትከሻውን ነቀነቀ። የጠዋቱ ጨዋታችን ይኸው ነበር።

ሐደራ

ባለ መኪናው ኢጎር ይባላል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጣቢያው ድረስ የመጣው ሕፃን በደረቱ ታቅፎ ነው። «ሁለት ናቸው፣ አንዷ ከእናቷ ጋር ናት» አለን በዕብራይስጥ። «ሚስቴ ወይ መኪናዋ ወይ እኔ አለችኝ። አንድ ሳምንት አሰብኩበት።»

ዮናታን ሳቀ። ከዚያ ሁለቱ በመኪናዋ ዙሪያ መዞር ጀመሩ፤ እኔ ተከተልኳቸው። እዚህ አገር ያገለገለ መኪና የሚቆጠረው በእጅ ነው። አንድ ሰው ብቻ ከያዘው «ያድ ሪሾና» ይባላል፣ የመጀመሪያ እጅ ማለት ነው፤ ሁለት ሰው ከያዘው ሁለተኛ እጅ። ይቺኛዋ ሦስተኛ እጅ ናት። የመጀመሪያው እጅ ድርጅት ነበር ወይስ ሰው? እሱ ዋጋውን ይለውጠዋል አሉና አንድ ሰዓት ሙሉ በዚያ ተከራከሩ። ሪሾና፣ ሪሾና ሲሉ ጆሮዬ ሞላ።

ዮናታን ግን ተናገረ። እጁን እያወናጨፈ፣ እያቋረጠ፣ እየሳቀ። ልጄ ለካ እንዲህ መናገር ይችላል። ደስታ ነው የጠበቅሁት፤ የመጣብኝ ቅናት ነው። አንድ የማያውቀው የሐደራ ሰው በሩብ ሰዓት ያገኘውን እኔ በዓመት አላገኘሁትም።

ከዚያ መኪናዋን ወደ መመርመሪያ ጣቢያ ወሰድናት። መርማሪው ሸምገል ያለ ሰው ነው፤ ከሥሯ ገብቶ ቆየና እጁን እየጠረገ ወጣ። አካሏ አልተመታም፣ ሞተሯም ጤነኛ ነው አለ። ቀጥሎም፦

«የጭስ ማውጫዋን ለውጠውታል። በጣም ትጮኻለች። የሰንበት መጫወቻ ናት ወይስ የየቀን?»

«የየቀን» አልኩት።

«ለማን?»

«ለእኔ።»

ሽበቴን ቀና ብሎ አየና «እግዚአብሔር ለጆሮህ ይዘንለት» አለኝ።

እንደ ቀልድ ወሰድኩት። ለነገሩ ኢጎር ሞተሩን ሲያስነሣ ዛፉ ላይ የነበሩት ወፎች ሁሉ ተነሥተው ሲሄዱ አይቻለሁ። ሕፃኑ ግን እንቅልፉን አላቋረጠም፤ ለምዶታል። እኔም እለምደዋለሁ አልኩ። በሠላሳ ስምንት ሺህ ሰቅል ተስማማን፤ የስም ዝውውሩና ኢንሹራንሱ እዚያው በስልክ አለቀ። ኢጎር ኮፈኗን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገና ሕፃኑን ይዞ ሄደ።

መንገድ ስድስት

ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ሳይገባ ቤር ሼቫ መድረስ ስላለብን ክቪሽ ሼሽ በሚሉት የክፍያ መንገድ ገባን። ወንበሩ ከመሬት የተጣበቀ ነው፤ ስገባ ጉልበቴ ተንቋቋ። ዮናታን ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ በጥንቃቄ ይነዳ ነበር። ያለ ልክ ይሮጣል ብዬ ፈርቼ ነበርና ለትርንጎ የምነግረው መልካም ነገር አገኘሁ።

ፍጥነቱ መቶ ሲያልፍ ድምፁ ተለወጠ። መጮኹ ቀርቶ ማጓራት ሆነ፤ የማያቋርጥ፣ ወለሉን አልፎ በአጥንት የሚገባ። ፋብሪካ ውስጥ ፕላስቲክ የምንፈጭበት ማሽን ልክ እንዲህ ነው። ግራ ጆሮዬን ያደከመው እሱ ነው፤ ሾፌሩ ደግሞ በግራዬ ነው ያለው።

ክርያት ጋትን ስናልፍ ዮናታን መናገር ጀመረ።

ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ነው ያወቅሁት። በዕብራይስጥ፣ በፍጥነት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። አንድ ቃል ያዝኩ፤ ሪሾን አለ። አሃ፣ የመጀመሪያውን እጅ ነገር ነው፣ የድርጅት ነበረች ወይስ የሰው እያለ ነው አልኩ በልቤ። ረጅም ተናገረ፤ አሥር ደቂቃ ይሆናል። እኔ ራሴን እነቀንቅ ነበር።

ለምን ድገምልኝ አላልኩትም? መኪናዋ የተገዛችበት ጨዋታ መጣ፤ ባቋርጠው ይተወዋል ብዬ ፈራሁ። ደግሞም አፈርኩ። አልሰማሁም ስል አልገባኝም ማለቴ ይመስለዋል፤ በልጅነቱ ትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ አስተማሪዋ ያለችውን ሲተረጉምልኝ ያየሁበት ፊት ትዝ አለኝ።

በመጨረሻ ፊቱን ወደ እኔ መለስ አድርጎ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ጥያቄ መሆኑን በቅንድቡ አወቅሁ።

«እሺ» አልኩት።

ደግሞ ጠየቀኝ። «እሺ፣ እሺ ልጄ» አልኩት ጮክ ብዬ።

ትከሻው ወረደ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ እሱንም ያየሁት እንጂ የሰማሁት አይደለም። እስከ ቤር ሼቫ ድረስ ፊቱ ላይ የነበረው ሰላም ነው። በዚያ መንገድ ላይ የእኔን ያህል የተደሰተ አባት አልነበረም።

ሽኩና ጊሜል

ሰንበት ሊገባ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ደረስን። ድምፁን ሰምተው ጎረቤቶች መስኮት ከፈቱ፤ ትርንጎ ከሦስተኛ ፎቅ ብቅ ብላ «የምን አውሮፕላን ነው ያመጣችሁብኝ?» አለች። ዮናታን ሞተሩን አጠፋና፣ ከመውረዱ በፊት እጄን ይዞ «ቶዳ፣ አባ» አለኝ። አመሰግናለሁ ማለት ነው። ለመኪናዋ መስሎኝ «ምን አደረግሁልህ» አልኩት።

ቅዳሜ ከእኛ ጋር ማዕድ ቀረበ። ብዙ አልተናገረም፣ ግን ቀረበ።

እዚህ አገር የሥራ ሳምንት የሚጀምረው እሑድ ነው፤ እሑድ ለሥራ ስነሣ በሩ ዝግ ነበር። የመጀመሪያው የአርባ ደቂቃ ቀናችን ነበር። ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ደህና እንቅልፍ ቢተኛ ነው፣ ዛሬን ልማረው፣ ነገ እንጀምራለን አልኩ። ጫማዬን በእጄ ይዤ በቀስታ ወጣሁና እንደ ወትሮው በፋብሪካው ሰርቪስ ሄድኩ። ደግ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ስመለስ መኪናዋ እንደቆመች ናት። ትርንጎ ሳላንኳኳ በሩን ከፈተችልኝ።

«የት ነበርህ?»

«ሥራ ነዋ፣ ሌላ የት እሄዳለሁ?»

«ልጁ ሲጠብቅህ ነበር» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ጠዋት ገላውን ታጥቦ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሶፋው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። የት ልትሄድ ነው ብትለው፣ ከአባ ጋር ነው፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ሊመጣ ነው መሰለኝ አላት። ሦስት ሰዓት ላይ ቀጠሮ ነበረው። የአእምሮ ሐኪም ዘንድ። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ራሱ ደውሎ የያዘው።

«'ብቻዬን በዚያ በር መግባት አልችልም፣ ሁለት ጊዜ ሄጄ ከደጅ ተመልሻለሁ' አለኝ። 'ለአባ ሁሉንም መኪናዋ ውስጥ ነገርኩት። ሌሊት የማየውን፣ ለምን እንደማልተኛ፣ ምን እንደማስብ። እሑድ አብረኸኝ ትመጣለህ ወይ አልኩት። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት፣ እሺ አለኝ።'»

በዕብራይስጥ እሑድም ሪሾን ነው። ዮም ሪሾን። የመጀመሪያው ቀን።

«አንቺ አትሄጂለትም ነበር?» አልኳት።

«ለመንኩት። አይ እማ አለኝ። ስልክህ ላይ ስደውል ነው የቆየሁት።» ስልኬ ሥራ ስገባ ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። እስከ አምስት ሰዓት ከነጫማው ጠብቆ፣ ሸሚዙን አውልቆ ገባ። ወደ ክሊኒኩ ደውላ ነበር፤ ሌላ ቀጠሮ ከሦስት ወር በኋላ ነው ብለዋታል።

ጉዞውን የጻፈ ሰው የተማረውን ሳይናገር አይለቀቅም። እኔ እዚህ አገር ከገባሁ ሃያ አምስት ዓመት ላልሰማሁት ነገር እሺ ስል ኖሬአለሁ፤ ለአለቃዬ፣ ለሐኪሙ፣ ለአስተማሪዋ። እሺ ሲሉ ሰዎቹ ይተዉሃል፤ ሃፍረቱም ያልፋል። ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥቼ መኪና መግዛት አላሳፈረኝም፤ «አልሰማሁህም» ማለት ግን አሳፈረኝ። የተማርኩት ይህን ነው። ለምን እንደሚረባኝ አላውቅም።

በሩ ጋ ሄጄ ቆምኩ። «ዮናታን» አልኩ፣ «መኪናዋ ውስጥ ያልከኝን አልሰማሁም ነበር። አንዱንም አልሰማሁም። እባክህ ድገምልኝ፣ አሁን እሰማለሁ።»

ከዚያ ከበሩ ወዲያ ሆኖ «ሎ ሐሹቭ፣ አባ» አለኝ።

ግድ የለም፣ ተወው ማለት ነው። ይህችን አጥርቼ ሰማኋት።