የቆራጩ አሥራ አንድ ዓመት

እኔ በማተሚያ ቤቱ የጥራዝ ክፍል ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረኝ። ስለ ቆራጩ ከምነግራችሁ ግማሹ በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ራሱ በምሳ ሰዓት ከጠረጴዛዬ ማዶ ተቀምጦ፣ ቃሉን አንድ በአንድ ከአፉ እየጎተትኩ የነገረኝ ነው።

ቆራጩ የምንለው ወረቀት መቁረጫው ማሽን ላይ ስለሚሠራ እንጂ በጠባዩስ ቆራጥ አይደለም። ሻይ ይሻልሃል ወተት ሲሉት እንኳ «የመጣው ይምጣ» ይላል።

ማሽኑ አሮጌ ነው። ሁለት ቁልፎች አሉት። ሁለቱ በሁለት እጅ አንድ ላይ ካልተጫኑ ቢላዋው አይወርድም፤ የሠራተኛው እጅ ቢላዋው ሥር እንዳይገኝ ታስቦ ነው። ቆራጩ ግን ሥራ ሲበዛበት ግራውን ቁልፍ በፕላስተር ጠፍሮ ያስረውና በአንድ እጁ ወረቀት እያስተካከለ በሌላው ይቆርጥ ነበር። ሁላችንም እናያለን። ሥራው ስለሚፈጥን ማንም ምንም አላለም፤ እኔም አላልኩም።

ታናሽ ወንድሙ ከእኔ ጋር መጽሐፍ ይሰፋ ነበር። ያኔ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። መርፌ አያያዙን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ በስድስት ወር ውስጥ በለጠኝ። የመማሪያ መጻሕፍት ትእዛዝ በተጣደፍንበት አንድ ጠዋት፣ የተቆረጠ ወረቀት ሊወስድ ወደ ማሽኑ ሄደ። ቢላዋው ሥር ካለው ክምር አንድ ሉክ ወጣ ማለቱን አየና ሊያስገባው እጁን ሰደደ። ቆራጩ ፊቱን አዙሮ አለቃው የሚለውን እየሰማ ነበር። ሳያይ ቀኝ ቁልፉን ተጫነ።

የወንድሙ ቀኝ እጅ አራት ጣቶች ሄዱ። አውራ ጣቱ ብቻ ቀረ።

ሆስፒታል ውስጥ እናታቸው ቆራጩን አልወቀሰችውም። እጁን ይዛ «ወንድምህን አደራ» ብቻ አለችው። በሁለተኛው ዓመት እሷም አረፈች። ከዚያ ወዲህ ቃሏን የሚያላላለት ሰው አልነበረም።

አለቃው ወደ መጋዘን ላዛውርህ ቢለው እምቢ አለ። በየጠዋቱ እዚያው ማሽን ፊት መቆም አለብኝ ብሎ በራሱ ላይ ፈርዶ ነበር። ሊያገባት ቃል የገባላት ልጅ ነበረችው፤ «እኔ ባለትዳር ነኝ፣ ልጆች ወለድኩ እያልኩ እሱ ሲያየኝ እንዴት እኖራለሁ?» ብሎ አሰናበታት። ልጅቷ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ጠበቀችው። ከዚያ ሰለቻትና ሄደች።

ወንድማማቾቹ የሚኖሩት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አልጋዎቻቸው ክንድ ያህል ነው የሚራራቁት። መስኮቱ ሲከፈት የጎረቤት ግድግዳ ፊት ለፊት ይገጥማል፤ ከግድግዳው ላይ የወጣ የዛገ ቧንቧ እንጂ ሌላ የሚታይ የለም። ቆራጩ ጠዋት ተነስቶ የወንድሙን ሸሚዝ ይቆልፋል፣ የጫማውን ክር ያስራል፣ ዳቦውን ይቆርሳል። ማታም እንዲሁ። ወንድምየው የማተሚያ ቤቱ የስልክ ኦፕሬተር ሆኖ ስለተመደበ አብረው ይመጣሉ፣ አብረው ይመለሳሉ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። ሲሄዱ ያያቸው ሰው ማን ማንን እንደሚመራ መለየት ያቅተው ነበር።

ቆራጩ እሑድ እሑድ ከወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን አይቀርም። የሚቆመው ግን በሩ አጠገብ ነው፤ ሥጋውና ደሙ ሊሰጥ ሲል ሹልክ ብሎ ይወጣል። ውጭ ግንቡ ሥር ቆሞ ሰዉ እስኪጨርስ ይጠብቃል። አንዴ አብሬው ወጥቼ ለምን እንደማይቆርብ ጠየቅኩት።

«እትዬ፣ ገና ነኝ» አለኝ።

«ምኑ ነው ገና?»

ሰዉ መውጣት ሲጀምር ወንድሙን ሊቀበል ወደ በሩ ሄደ።

በአሥራ አንደኛው ዓመት ወንድምየው ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ሴት ሊያገባ መሆኑን ነገረው። ጠዋት ነው፤ ቆራጩ እንደ ልማዱ ተንበርክኮ ጫማ ሊያስርለት ነበር።

«ደስ ይላል» አለ ቆራጩ። ክሩን አነሳና፣ «ታዲያ ጫማህን ማን ያስርልሃል? እሷ በጠዋት ነው ሥራ የምትገባው።»

ወንድምየው እግሩን ከእጁ ውስጥ ቀስ አድርጎ አወጣው። አልጋው ላይ አስቀመጠና አንዱን ክር በቀኝ አውራ ጣቱ ተጭኖ፣ ሌላውን በግራ እጁ አዙሮ፣ ጫፉን በጥርሱ ስቦ አሰረው። ከዚያ የሸሚዙን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታና በግራ እጁ መልሶ ቆለፋቸው።

«መቼ ተማርከው?»

«ስድስት ዓመት አልፎኛል፣ ጋሼ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ምን ይቀርህ ነበር?»

ቆራጩ ወለሉ ላይ እንደተንበረከከ ቀረ። ወንድምየውም ስድስት ዓመት ያመቀው ነገር ወጣለት።

«ይቅር ያልኩህ ገና ሆስፒታል እያለሁ ነው። አንተ ግን ይቅርታዬን አልወሰድከውም። በየቀኑ እኔ ላይ ንስሐ ትገባለህ፤ እኔ ደግሞ እንዳይከፋህ ብዬ የማልችል እመስላለሁ። ክርስቶስ ስለ አንተ እንደ ሞተ ታምናለህ?»

«አምናለሁ።»

«እሱ ሞቶልህ ካበቃ እኔ ለምን በየጠዋቱ መሥዋዕት ሆኜ እቀርባለሁ? ደክሞኛል፣ ጋሼ።»

የዚያን ቀን ቆራጩ ሥራ ሳይገባ ቀረ፤ እኔ ሳውቀው የመጀመሪያው ነው። ቄሱ ዘንድ ሄደ። ቄሱ የተሰበረ አግዳሚ ወንበር ሲጠግኑ አገኛቸውና፣ ጫፉን ያዝልኝ ብለውት፣ እሱ ይዞ እሳቸው ምስማር እየመቱ ተነጋገሩ። ሁሉንም ነገራቸው፤ ፕላስተሩንም።

«ራስህን መቅጣት ከጀመርክ ስንት ዓመት ሆነህ?» አሉት።

«አሥራ አንድ።»

«ስንት ሲሞላ ይበቃሃል?»

አስቦት አያውቅም። ሃያ ሊል አሰበ፤ ሃያም አነሰበት።

«አያልቅም» አሉት ቄሱ። «ሰው ተቀጥቶ የሚጨርሰው ቢሆን ኖሮ ጌታ መስቀል ላይ ባልወጣ። አንድ ጊዜ ራሱን አቀረበ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ መሥዋዕት አልቀረም። የአንተም አይጨመርበትም።»

«ታዲያ ጥፋቴ ቀላል ነው ማለትዎ ነው?»

«ቀላል ቢሆን የጌታ ሞት ለምን ያስፈልግ ነበር? ከባድ ነው። የተሸከመው ግን አንተ አይደለህም።»

ቆራጩ የወንበሩን ጫፍ አጥብቆ ያዘ። ከዚያ፣ «እሺ፣ አመንኩ እንበል። ካመንኩ በኋላም ባይቀለኝስ?» አላቸው።

«ሳይቀልህ ና።»

ሠርጉ ተደረገ፣ ወንድምየውም ወጣ። ነፃ የወጣ ሰው ደስ የሚለው ይመስላችኋል። እሱን ግን ክፍሉ ይበልጥ ጠበበው። ጠዋት ተነስቶ የሚቆልፈው ሸሚዝ የለም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያያል። ከቅጣቱ በቀር ሌላ ኑሮ አልነበረውም፤ ቅጣቱ ሲነሳ በምን እንደሚተካው አላወቀም። ሥራ ከሁላችን ቀድሞ መግባት፣ ከሁላችን ኋላ መውጣት ጀመረ።

በሦስተኛው ወር ቆረበ። ወንድሙ ከኋላው ተሰልፎ ነበር። የቆራጩ ፊት የሚበራ፣ እንባው የሚወርድ መስሎኝ ጠበቅኩ። ምንም። ተቀብሎ ወጣ። ሰኞ ጠዋት ቢላዋው ሲወርድ እንደ ቀድሞው የወንድሙ ጣቶች እንደታዩት ነገረኝ። «ቁርባኑ ያልሠራልኝ መሰለኝ፣ እትዬ» አለ።

ከዚያ ሦስት እሑድ በተከታታይ ቀረ። በአራተኛው ወንድሙ መጣ። አልመከረውም፣ አልተቆጣውም። ባዶው አልጋ ላይ ተቀመጠና ጋዜጣ ያነብ ጀመር። ቆራጩ፣ «ሂድ፣ ሚስትህ ትጠብቅሃለች» ቢለው «እሷ ቀድማን ሄዳለች» ብሎ ገጹን ገለጠ። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ሆኑ። በመጨረሻ ቆራጩ ተነስቶ ፊቱን ታጠበና ልብሱን ለበሰ። ዘግይተው ደረሱ፤ ቢሆንም ደረሱ።

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አለፈው። ክፍሉ ያው ነው፣ መስኮቱም ያው ግድግዳ ያሳያል። ሌሊት ላብ አጥምቆት የሚነሳባቸው ቀኖች አሉ። አሁን ግን ሥጋውና ደሙ ሲሰጥ አይወጣም። ከፊት በሦስተኛው ረድፍ፣ ከአንድ ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ አጠገብ ነው ቦታው፤ ሽማግሌው የመዝሙሩን ቁጥር በጩኸት ይጠይቀዋል፣ እሱም በጩኸት ይመልስለታል።

በቀደም ምሳ ላይ በቀጥታ ጠየቅኩት፤ «ታዲያ አሁን ቀለለህ?»

የምሳ ዕቃውን ከደነ።

«አንዳንድ ቀን ዕዳዬ እንደተከፈለልኝ አውቃለሁ» አለኝ። «አንዳንድ ቀን ደግሞ አላውቅም፤ አላውቅም ብዬ ግን አልቀርም። ልቤ ኋላ ይድረስ ብዬ ቀድሜው እሄዳለሁ።»

«ይደርሳል?»

«አንዳንዴ እሑድ ያልደረሰው ረቡዕ ይደርሳል» አለና ፈገግ አለ። ከዚያ የምሳ ዕቃውን አጥቦ ወደ ሥራው ተመለሰ።