በሙሉ ልብስ ያላነሳሁት ሰው

ፎቶ ማንሳት ማንም አላስተማረኝም። ይህን ስናገር ሰዎች ጉራ ይመስላቸዋል፤ ጉራም ይሁን፣ እውነት ነው። ዋሽንግተን መሀል፣ ምድር ቤት ባለ የመኪና ማቆሚያ፣ ትኬት በምቆርጥባት ጠባብ ክፍል ሃያ ዓመት ተቀምጬ ብርሃን በመውጫው በኩል እንዴት ገብቶ ሰው ፊት ላይ እንደሚያርፍ ያጠናሁት ብቻዬን ነው። መጻሕፍቱን ከቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ፣ እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ አነበብኳቸው። ጡረታ ስወጣ ባለ ዲግሪዎቹ የማያውቁትን አውቅ ነበር። አሁንም አውቃለሁ። ዛሬ የምጽፈው እያወቅሁ ስላጠፋሁት ነው።

ሥራዬ ብዬ የያዝኩት ከየአገሩ መጥቶም ሆነ እዚሁ ተወልዶ በዚህ አካባቢ የሚኖረውን ጥቁር ሕዝብ በፎቶ መመዝገብ ነበር። የሃይቲ ሴቶችን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ የጃማይካ ሽማግሌዎችን ክሪኬት ሲጫወቱ፣ የእኛን ወሎዬዎች ጌይተርስበርግ ለዒድ ሲሰባሰቡ አንስቻለሁ። የቀረኝ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያረጀ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ እሱንም ከዋሽንግተን ወንዝ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ አገኘሁት። አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ጓሮው ውስጥ የሰፈሩን የሣር ማጨጃ ማሽን የሚጠግን፣ የእኔ እኩያ። ላንሳህ ስለው «ቅዳሜ ከሰዓት ና» አለኝ።

ቅዳሜ ስደርስ በረንዳው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ቡናማ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ጫማው ያበራል። ሚስቱ ክራቫቱን እያስተካከለችለት ነበር። እኔ ደግሞ በልቤ ይዤ የሄድኩት በግሪስ የተለወሰ ቱታውን ነው።

«እንደ ዘወትርህ ሁን» አልኩት። «የሥራ ልብስህን ልበስ።»

«ወንድሜ፣ ይሄን ልብስ ሚስቴ ከላውንደሪ ያመጣችው ትናንት ነው።»

«እኔ የምፈልገው እውነተኛውን አንተን ነው።»

«ይሄኛው ታዲያ ማነው?» አለችኝ ሚስቱ።

ሳቅን። እሱ ጠብ የማይወድ ሰው ስለሆነ «በሁለቱም ታነሳኛለህ» ብሎ አስታረቀን፤ ገብቶም ቱታውን ለብሶ ወጣ። ደረጃው ላይ አስቀመጥኩት። ደረጃው ፈራርሷል፤ አዲስ ሲሚንቶ ሊያፈስበት ብሎ በዚያው ሳምንት ራሱ ነው ያፈረሰው። ነግሮኛል። እኔን ግን ፍርስራሹ ለፎቶ አማረኝ። ፊልሙ የሚይዘውን ሠላሳ ስድስት ፎቶ ሁሉ እዚያው ጨረስኩና ፊልሙን አጠንጥኜ አወጣሁት።

«በል አሁን የእኔን» ብሎ ገባ። ታጥቦ፣ ክራቫቱን እንደገና አስሮ ወጣ። ኪሴ ውስጥ አዲስ ፊልም ነበረኝ። እንደ ፓስፖርት ፎቶ ተገትሮ ለቆመ ሰው ፊልም ማባከን አልፈለግኩም። ባዶውን ካሜራ አነጣጠርኩ፤ «አገጭህን ቀና» አልኩት፤ ፊልም ያለው ለማስመሰል ማዞሪያውን እየጠመዘዝኩ አምስት ስድስት ጊዜ ቀጭ አደረግኩ። ትንፋሹን ይዞ ቆመልኝ።

«አንዱን ለልጄ እልክላታለሁ» አለ። «በአውቶቡስ ዩኒፎርም ከተነሳሁት በስተቀር እንዲህ ለብሼ የተነሳሁት ፎቶ የለኝም።»

ይህን ያደረግኩት እኔ፣ የአባቴን ፎቶ ሳሎኔ ውስጥ የሰቀልኩት ሰው ነኝ። አባቴ ወፍጮ ቤት ነበር የሚሠራው። ከቅንድቡ ዱቄት የማይጠፋው ሰው በዚያ ፎቶ ኮትና ክራቫት አድርጎ ቆሟል። ኮቱ የፎቶ ቤቱ ነው፤ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ የሚኖር፣ የመጣ ሁሉ የሚለብሰው፤ እጅጌው የአባቴን ጣቶች እስከ ግማሽ ሸፍኗቸዋል። ፎቶ አንሺው «ዱቄቱን አታራግፍ፣ እንዲያ ነው የምታምረው» ቢለው ኖሮ አባቴ ሁለተኛ ደጁን ባልረገጠ። ያን ቅዳሜ ይህ ትዝ አላለኝም፤ ወይም ትዝ ብሎኝ አልፌዋለሁ። የቱ እንደሆነ ዛሬም ለራሴ ደፍሬ አልነገርኩትም።

ከወራት በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አዳራሽ ውስጥ ፎቶዎቼ ተሰቀሉ። ባለ ቱታው ከሁሉ ትልቁ ነበር፤ መግቢያው ፊት ለፊት። ከሥሩ «ድህነትና ክብር» ብዬ በእንግሊዝኛ አጻፍኩበት። ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሰው ስቀበል፣ ድሮ አብሮኝ ትኬት ይቆርጥ የነበረ ወሎዬ ወዳጄ መጣ።

«ፊልም አለው ወይስ እንደ ሜዳሊያ ነው ያጠለቅከው?»

«ዛሬ ሙሽራው እኔ ነኝ፤ ሙሽራ ሥራ አይሠራም» አልኩት። «ባዶ ነው።»

«እንደ ባለቤቱ» አለና ሳቀ።

ወዲያው ሰውዬው ከሚስቱ ጋር ገባ። የጋበዝኳቸው እኔ ነኝ። በዚያው በቡናማ ሙሉ ልብሱ ነው የመጣው። ኮፍያውን አውልቆ ትልቁ ፎቶ ፊት ቆመ። ሚስቱ ጽሑፉን አነበበችና ዞረችብኝ።

«ድሃው ማነው?»

ራሴ ያጻፍኩትን እንደ አዲስ አነበብኩት።

«ቤቱ የራሳችን ነው» አለች። «ደረጃውን ደግሞ በማግስቱ ሠርቶ ጨርሶታል።»

«ተይው» አላት ባሏ። ወደ እኔ ዞሮም «ሌላኛውስ የት ነው?» አለኝ።

«ፊልሙ ተበላሸ።»

እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። «ያጋጥማል ወንድሜ። እኔም ስንት ሰው አምኖ የሰጠኝን ማሽን አበላሽቻለሁ።» ዋሽቼው ያጽናናኝ ጀመር። ከዚያ ካሜራውን አየና ፊቱ በራ። «ይኸው ይዘኸዋል፣ እኔም ለብሻለሁ። አሁን አንሳኝ።»

ምንም ያልተሰቀለበት ግድግዳ አጠገብ ሄዶ ቆመ። ሳልነግረው አገጩን ቀና አደረገ፤ ትንፋሹን ያዘ። ካሜራውን ወደ ዓይኔ አነሳሁ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። ወሎዬው ወዳጄ ከጎኔ ቆሞ ያየኛል፤ ባዶ መሆኑን ያውቃል። እሱ እዚያ ባይኖር እጫነው ነበር ብዬ እፈራለሁ።

ካሜራውን አወረድኩ። «ፊልም የለውም» አልኩ።

ሰውዬው ትንፋሹን ለቀቀ። «ያን ቅዳሜም ስትጠመዝዘው ባዶውን ሲሽከረከር ሰምቼው ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «የማሽን ሰው ነኝ። ተሳስቼ ነው ብዬ ተውኩት።»

ሚስቱ ከቦርሳዋ ስልኳን አወጣች። ኮፍያውን ከእጁ ተቀብላ፣ የሚይዘው ሰው ስላስፈለገ፣ ለእኔ ሰጠችኝ። ኮሌታውን አስተካክላ ወደ ኋላ ሄደች።

«ፈቀቅ በል» አለችኝ። «ጥላህ ላዩ ላይ አርፏል።»

ሃያ ዓመት ብርሃን ያጠናሁት ሰውዬ፣ ኮፍያውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ፈቀቅ አልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ አነሳችው። ተጠጋግተው አዩት፤ ለእኔ አላሳዩኝም፤ እኔም አሳዩኝ አላልኩም። ሰውዬው መጥቶ ኮፍያውን ተቀበለኝና «አመሰግናለሁ» አለኝ፤ ኮፍያውን ስለያዝኩለት።