የአባቴን ጾም ክንዳቸው ተናገረባቸው

ዛሬ ረፋድ ስብሰባ ላይ ስልኬ ጮኸ። የአባቴ ስኳር ወርዷል።

አባቴ ዘጌ የሚያገለግሉ መሪጌታ ናቸው። ባለፈው ወር ክንዳቸው ላይ ሳንቲም የምታህል የስኳር መለኪያ ለጠፍሁላቸው። ልኬቱ በስልካቸው አልፎ ባሕር ዳር እኔ ዘንድ ይደርሳል።

ወጥቼ ደወልሁ።

«አባባ፣ ቁርስ በልተዋል?»

«በልቻለሁ።»

«ስኳርዎ አልበሉም እያለ ነው።»

የንስሐ አባታቸው በጾምም እንዲበሉ ከፈቀዱላቸው ቆይቷል። እሳቸው ግን ቅዳሴ ሳይወጣ መቅመስ ያፍራሉ።

«አሁኑኑ ማር ይላሱ። ስልኩን አልዘጋም።»

ላሱ። ስብሰባው ያለ እኔ አለቀ፤ የጎደለ ነገር የለም።

ቁጥሩ ከፍ ሲል፣ «ይኼ ነገር ከስኳር ሌላ ምን ይናገራል?» አሉኝ።

«ምንም።»

«ተመስገን።»

የእናንተ ወላጆችስ ምን ሲደብቁ ተያዙ?