የሚያዳምጠው መቅዘፊያ

በሰማንያዎቹ መጨረሻ አርባ ምንጭ አስተምር ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ ሽማግሌ አሳ አጥማጅ ጋር፣ የኩልፎ ወንዝ ጫሞ ሐይቅ ወደሚገባበት ረግረግ በእንጨት ታንኳቸው ወረድን። ደንገሉ ከቁመታችን ይበልጣል፤ ከኋላችን ያለው ጫካ ጥቅጥቅ ከማለቱ የተነሳ ፀሐይ አያስገባም። እንዲህ ያለ ውበት እያየሁ አፌን መዝጋት አቃተኝ፤ ስለፈልፍ ዋልኩ።

ሽማግሌው ግን በየመታጠፊያው ይቆማሉ። የመቅዘፊያቸውን አንድ ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክረው ሌላውን ከጆሯቸው ያስጠጋሉ። ጉማሬ ውሃ ውስጥ ሲያጉረመርም ድምፁ በእንጨቱ በኩል ይመጣል አሉኝ። ከሰሙት ዞር ብለን በሌላ በኩል እናልፋለን። እኔ ደንገሉንና ወፉን ብቻ ሳይ፣ እሳቸው የማይታየውን ያውቁ ነበር። ያም ሆኖ ለአራተኛ ጊዜ ቆመው ሲያዳምጡ ትዕግሥቴ አለቀ።

«አባቴ፣ በዚህ አያያዝ አሳውን መቼ ልንይዘው ነው? እስቲ እኔ ልስማ!»

መቅዘፊያውን ተቀብዬ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ጭጭ ያለ ነው።

«ምንም የለም፤ እንሂድ!» አልኩ በኩራት።

ሽማግሌው መቅዘፊያውን ከእጄ ነጥቀው ታንኳዋን ወደመጣንበት አዞሩ።

«ቅድም ሲያጉረመርም ሰምቼዋለሁ» አሉ በሹክሹክታ። «አሁን ዝም ያለው አንተን ሊሰማ ነው።»