ሰማንያ አንደኛው ቀን

ኤልቪራ ካታኮራ ሁለት ዓመት ይበቃዋል የተባለው የፊዚክስ ማስተርስ ሰባት ዓመት ፈጀባት። ሰነፍ ናት የሚል ካለ እኔ ፊት እንዳይለው! የድኅረ ምረቃ ቢሮው ጸሐፊ ስለሆንኩ ፋይሏን በቃሌ አውቀዋለሁ። ጠዋት ከላይ ኤል አልቶ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ታስተምራለች፤ ከሰዓት በኬብል ካር ወደ ላ ፓዝ ትወርዳለች። አንዱን ዓመት መንገድ ተዘጋ፣ ሌላውን መምህራን አድማ መቱ፣ ከዚያ አማካሪዋ ለስብሰባ ውጭ ሄዶ እዚያው ቀረ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ምን ይደረግ! የትምህርት ምክር ቤቱ የመጨረሻ ጊዜ ሰጣት፤ እስከ መጋቢት መጨረሻ። ከዚያ ካለፈ የሰባት ዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

የመመረቂያ ሥራዋ ተራራው ላይ ነበር፤ አምስት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ። እዚያ ክዳኑ የታሸገ የውሃ ታንከር አላት። ከሰማይ የሚወርዱ የማይታዩ ቅንጣቶች ውሃውን ሲያቋርጡ ጭላንጭል ይፈነጥቃሉ፤ ውስጥ ያለችው የመስታወት ዓይን ያንን ትቆጥራለች። ዓይኗ ኤሌክትሪክ እያለባት የቀን ብርሃን ካየች አለቀላት፤ ምትኳ ከውጭ እስኪመጣ ዓመት ነው። ኤልቪራ ዘጠና ቀን ማስቆጠር ነበረባት። መጨረሻ ላይ በዚያችው ዓይን ልኬቱን ካላረጋገጠች ደግሞ የተቆጠረው ሁሉ ከንቱ ነው።

ባለፈው ዓመት ስልሳኛው ቀን ላይ መብረቅ መታባት። የጣቢያው ጠባቂ ዶን ሳተርኒኖ ግን አስቀድመው ነግረዋት ነበር። ከጾም በፊት በሚከበረው የካርኒቫል በዓል፣ ማክሰኞ ዕለት፣ እዚያ ያለ ማሽን ሁሉ ቻልያ ይደረግለታል፤ ቢራ ለምድር ይፈስሳል፣ አበባ ይበተናል፣ ባለቀለም ወረቀት ይታሰራል፣ "ስላገለገልከን እናመሰግናለን፣ ለከርሞም አደራ" ይባላል። የጣቢያው ኃላፊ ሳይቀሩ ኮምፒዩተራቸውን ያስደርጋሉ። እምቢ ያለችው እሷ ብቻ ነበረች።

"ዶን ሳተርኒኖ፣ እኔ እኮ የፊዚክስ ተማሪ ነኝ!" ብላ ሳቀችባቸው።

መብረቁ ከመታ በኋላ ሲያገኟት "መብረቁም ፊዚክስ ነው አይደል ልጄ?" አሏት።

ዘንድሮ ሰማንያ አንደኛው ቀን ካርኒቫል ማክሰኞ ላይ ዋለ። በበዓሉ መኪና ወደ ተራራው አይወጣም። አርብ ዕለት እኛ ለቢሯችን ማተሚያ ቻልያ ስናደርግ ኤልቪራ መጥታ ስልኬን ተቀበለችኝና ተራራው ላይ ደወለች።

"ዶን ሳተርኒኖ፣ የኔን ታንከር እንዳይረሱብኝ። ደህና አድርገው፣ ከልብዎ ያድርጉልኝ፤ እባክዎን።"

ሳቄ አመለጠኝ። "የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ!"

"ይሳቁ ዶኛ ኔሊ፤ ዘንድሮ ከምድርም ከሰማይም መጣላት አልፈልግም" አለችኝ። ዓይኗ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል። በሳቄ አፈርኩ።

ሰውየው አደራ በላ አይደሉም። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ታንከሩን በአበባ አስጌጡት፣ ዙሪያውን ቢራ አፈሰሱ። ከዚያ አሰቡ፤ ልጅቷ ከልብዎ ብላለች፣ ምርቃቱ ከላይ ከላይ ቀርቶ ውሃው ዘንድ መድረስ አለበት ብለው። የመስታወቷ ዓይን ብርሃን እንደማትወድ ስለሚያውቁ መጀመሪያ ማብሪያውን አጠፉ። ከዚያ ክዳኑን ከፍተው ሦስት ጠብታ ብቻ ጠብ አደረጉ። የማያውቁት ነገር ቢኖር፣ መብራት ሲጠፋ ቆጠራው እንዳይቋረጥ ኤልቪራ ባለፈው ወር የመኪና ባትሪ አገናኝታ ነበር። ለሳቸው መንገር ረስታለች። የተራራው ፀሐይ ቀጥ ብላ ገባች፤ ኤሌክትሪክ ያልተቋረጠባት ዓይን ተቃጠለች።

"ልጄ፣ ማሽንሽ ዝም አለብኝ" ብለው ደወሉላት።

በማግስቱ ቢሮዬ መጥታ ወንበር ላይ ተዘረገፈች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

"ስሚኝ" አልኳት፤ "ደንቡ ተማሪው ካላጠፋ ጊዜ ይጨመርለታል ይላል። ጠባቂው ያለ ፈቃድ ከፈቱብኝ ብለሽ ጻፊ፤ አለቀ!"

"ቻልያውን ያዘዝኩት እኔ፣ ባትሪውን ያልነገርኩት እኔ። ሰውየው ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር ነው የቀራቸው ዶኛ ኔሊ። አሁን ቢባረሩ ምን ይበላሉ?"

"አንቺስ? ሰባት ዓመትሽስ?"

"እሱን አይጠይቁኝ" አለችና "ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው" ብላ ጻፈች።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዶን ሳተርኒኖ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከተፍ አሉ። ከተራራው በእግራቸው ነው የወረዱት።

"ጻፊልኝ" አሉ። "ልጅቷ ምንም አላዘዘችኝም። በገዛ እጄ ነው የከፈትኩት።"

"ይባረራሉ እኮ!"

"እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ እሷ ትማር። ጻፊ ስልሽ!"

ጻፍኩላቸው፣ ፈረሙ። እርስ በርሱ የሚቃረን ሁለት ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ። አንዱን መቅደድ ነበረብኝ። የቱን? ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አድሬ ሁለቱንም አስገባሁ። እንዲህ የሚተዛዘኑ ሰዎችን ሲያዩ የምክር ቤቱ አባላት አንጀታቸው ይራራል ብዬ ነበር። ወይ የኔ ነገር!

ስብሰባው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሁለቱም በፊርማቸው ጥፋታቸውን አምነዋል ተባለ። እሷ ከትምህርቷ ተሰናበተች፤ እሳቸው ከሥራቸው። ውሳኔዎቹን እንድተይብ ለኔው ሰጡኝ።

ኤልቪራ ልትፈርም መጣች። የራሷን አነበበች። ከሥሩ የዶን ሳተርኒኖን ስታይ ግን ወደኔ ዞረች።

"የሳቸውን ደብዳቤ ለምን አስገቡት? የኔን ብቻ ቢያስገቡ እኮ ሰውየው ይተርፉ ነበር!"

"አንቺም እንድትተርፊ ብዬ ነው ልጄ" አልኳት።

እስክሪብቶውን ወስዳ ፈረመች፤ ቀና ብላም አላየችኝ።