የዘላዩ ስግደት

ባለፈው ወር ልጄ በግድ ሆስፒታል ወሰደኝ። በግድ ያልኩት አውቄ ነው፤ ከወንበር ስነሣ ግድግዳ መያዜን አይቶ ሁለት ሳምንት ሲነዘንዘኝ ከረመ። ራጅ ተነሣሁ። ወጣቱ ሐኪም ፊልሙን ብርሃኑ ላይ ሰቅሎ በእስክሪብቶው ጫፍ የወገቤን አጥንት ሁለት ቦታ ላይ ነካ ነካ አደረገ።

"አባት፣ ይሄ የቆየ ስብራት ነው። ከምን ላይ ወድቀው ነበር?"

"ከሰማይ" አልኩት።

ሳቀ። እውነቴን መሆኑን ስነግረው ሳቁን ዋጥ አደረገና "ታዲያ ያኔ ለማንም አልተናገሩም?" ብሎ ጠየቀኝ። ጫማዬን ማድረግ ጀመርኩ። ጫማ ማድረግ ለእኔ ረጅም ሥራ ነው፤ ከጥያቄ ለማምለጥ ይጠቅማል።

የቢቸና ልጅ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፣ ቅኔ ያስተምሩ ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸው ስለሆንኩ ወንበራቸውን እንደምወርስ ከእኔ በቀር የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ፣ ወታደር የሚመለምሉ ሰዎች ደጀን መጥተዋል ሲባል ሰማሁና ልሄድ ነው አልኳቸው። ተጣላን። "ትመለሳለህ" አሉኝ። እኔም በዚያ ዕድሜ አፍ "ተሰብሬ ከምመለስልዎ እዚያው ብቀር ይሻለኛል" አልኩ። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ ያሰረችኝ እሷ ናት።

አየር ወለድ ገባሁ። ከአውሮፕላን በጃንጥላ የሚዘል ጦር ማለት ነው። መዝለሉን ሰው ሁሉ ያደንቃል፤ ስለማረፉ የሚጠይቅ የለም። ሰማዩማ ምንም አይልህም፣ የሚመታህ መሬቱ ነው። "እግርህን ግጠም፣ ጉልበትህን ሰበር አድርግ፣ በጎንህ ተንከባለል" ይሉናል፤ መለማመጃው ላይ ሁላችንም እንችላለን። ነፋስ ሲጨመርበት ሌላ ነው። ከመሀላችን ቁርጭምጭሚቱ አብጦ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ጥርሱን ሳይገጥም የወረደ ምላሱን ይነክሳል፤ ማሰሪያው ብብትና ጭን ይልጣል፤ ጃንጥላው ሲከፈት አንገትህን ነቅንቆ ሦስት ቀን ዞር እንዳትል ያደርግሃል። ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው አሥር አለቆች ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ እንደ ሽማግሌ ያቃስታሉ። መለዮአቸውን ዘንበል አድርገው ከተማ ሲወጡ ግን ይህን ማን ያውቃል።

በሦስተኛው ዓመቴ፣ በመጋቢት፣ ነፋስ ወሰደኝ። ከሜዳው ወጥቼ የደረቀ እርሻ ላይ፣ እግሬን ሳልገጥም በተረከዜና በመቀመጫዬ ወረድኩ። ወገቤ ውስጥ ጭራሮ ሲሰበር የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ተኛሁ። ከዚያ ተነሥቼ ጃንጥላዬን ጠቀለልኩና እየሳቅኩ ወደ መኪናው ሄድኩ። እየሳቅኩ ነው የምላችሁ። በማግስቱ ጎንበስ ማለት አቅቶኝ ጫማዬን ጓደኛዬ አሰረልኝ፤ ለማንም እንዳይናገርም አስማልኩት።

የተጎዳ ሰው ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ከተመዘገበ ከዝላይ ይወጣል። መለዮውንና ደረቱ ላይ ያለውን የክንፍ ምልክት አስረክቦ ዕቃ ቤት ይገባል፤ የባሰበት ደግሞ ወደ አገሩ ይሸኛል። አገሬ ማለት የአባቴ ደጅ ነው፣ ያውም ተሰብሬ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ትልልቅ ሰዎች የሚያዩት ዝላይ አለ፤ ስሜ ተጽፏል። ብናገር ያቺ ቃሌ አለች፣ ዝም ብል ያ መሬት አለ። በዚህ መሀል ነው እናቴ ናፍቆት ገደለኝ ብላ ደብዳቤ ያስጻፈችው፤ እኔም የዐሥራ አምስት ቀን ፈቃድ ተቀብዬ ለበዓሉ ወደ ቢቸና የተነሣሁት።

ከደጀን ወዲህ በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው የመጣሁት። ያን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሚያዝያ ስለነበር አገሩ ደርቆ አቧራው ቅንድብ ላይ ይቀመጣል፤ ወደ ጮቄ በኩል ደመና መሰብሰብ ጀምሯል። በየጉድጓዱ እጄን ነክሼ ቢቸና ደረስኩ። ሰው ሲያየኝ ጊዜ ከመኪናው ዘልዬ ወረድኩ። እስከ ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

አባቴ ሰላም አላሉኝም። "እግዜር ይመስገን" አሉ እንጂ፣ ለግድግዳው። ከዚያ በኋላ የምንነጋገረው በእናቴ በኩል ሆነ።

"እንግዳው ውሃ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቂው" ይሏታል፣ አጠገባቸው ተቀምጬ።

"አልጠማኝም በያቸው" እላለሁ።

እናቴ መሀል ቤት ቆማ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን ታያለች። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ጉልባኑ ሲቀርብ "እንግዳው የጉልባን ጣዕም ረስቶት ይሆናል" አሉ። ባቄላና ስንዴውን ሁለት ጊዜ አስጨምሬ በላሁ፣ በብሽቀት።

ስቅለት ዕለት ጋቢዬን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከጠዋት ጀምሮ እህል ውሃ የለም፤ መጽሐፉ ይነበባል፣ ሕዝቡ ይሰግዳል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይሰግዳል። በልጅነቴ ስግደት እንፎካከርበት ነበር። ያን ዕለት ግን አንዷን እንኳ እንዴት እንደምወጣት ሳስብ ነው ያነጋሁት። ቆሜ ብቀር ወታደር ቤት ሃይማኖቱን አስጣለው ሊባል ነው፤ ያውም የመሪጌታ ልጅ። ጥግ ፈለግሁ፤ ግቢው ሞልቶ ጥግ የሚባል የለም።

የመጀመሪያዎቹን ጉልበቴን በእጄ እየደገፍኩ ተወጣኋቸው። ሃያ ገደማ ደረስኩ። ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ፣ ግንባሬ መሬት እንደነካ ወገቤ ቆለፈ። ልነሣ ብል ከወገቤ በታች ያለው ገላ የእኔ አይደለም። ዙሪያዬን ሰው ይነሣል፣ ይወድቃል፤ አቧራው አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል፤ እኔ እዚያው ነኝ። አውሮፕላን ውስጥ ገመድህን ከሽቦው ጋር ካያያዝክ በኋላ መመለስ የለም፤ ከፊትህ በሩ፣ ከኋላህ ሰው ነው። ያን መያዝ በአገሬ ሰው መሀል፣ መሬት ላይ ተደፍቼ አገኘሁት። ሕመሙ በረታብኝና አለቀስኩ። ድምፄ የማይሰማ መስሎኝ ነበር።

"እዪውማ፣ የመሪጌታ ልጅ እያለቀሰ ነው" አለች አንዲት ሴት ከኋላዬ።

"ተዪው ያልቅስ፣ ንስሐ ገብቶ ነው። እንዳትነኩት" አለች ሌላዋ።

እንዳትነኩት መባሉ ነው የገደለኝ። የሚነካኝ ሰው ነበር የምፈልገው። ወሬው ወደ ውስጥ ዘልቆ ኖሮ፣ ጥቂት ቆይቶ የማውቀው የመቋሚያ ድምፅ ቀረበኝ። ባዶ እግራቸውን ብቻ አየሁ፤ ተረከዙ የተሰነጠቀ የአባቴን እግር። ብዙ ቆሙ። ከዚያ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሰማሁ። ከጎኔ ሰገዱ፣ ሰግደውም አልተነሡም። ግንባራቸውን እንደ እኔው አቧራው ላይ አድርገው እጃቸውን ጀርባዬ ላይ ጣሉ። እጃቸው ወረድ ወረድ አለና የሚያመኝ ቦታ ላይ ቆመ።

"ልጄ" አሉኝ። ከተጣላን ጀምሮ ያልሰማሁት ቃል ነው። "ልጄ፣ ይብቃህ።"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አባየ፣ ወገቤ ተሰብሯል። ሦስት ቃል ናት። ግን ይቅር ያሉኝ ለንስሐዬ መሰለኝ፤ ሕመም ነው ብላቸው ይቅርታውን መልሰው የሚወስዱብኝ መሰለኝ። "እሺ አባየ" አልኩ ብቻ። ክንዳቸውን በብብቴ ሥር አስገብተው፣ ወገቤን ሳያጣምሙ፣ ቀስ አድርገው አነሡኝ። ሴቶቹ እንባቸውን ጠረጉ። እስከ ማታ የአባቴን ክንድ ይዤ ቆምኩ፤ ስገድ ያለኝም የለም።

የፋሲካ ዕለት "እንግዳው" ቀረ። ዶሮውን ራሳቸው አጎረሱኝ።  በሦስተኛው ቀን "ሳትሄድ ሞጣ አክስትህን ጠይቃት፣ ናፍቀሃታል" አሉኝ። ሞጣ በዚያ መንገድ ቅርብ አይደለም። ልጄ ካሉኝ በኋላ ግን እምቢ የምልበት አቅም አልነበረኝም።

አክስቴ በግ አሳርዳ ጠበቀችኝ። ቤቷ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ወጌሻ ናቸው፣ የተሰበረ የሚጠግኑ፣ የወለቀ የሚመልሱ። ለበዓሉ ብቅ ያሉ መሰለኝ። ከተቀመጥኩበት ዱካ ስነሣ አዩኝና "እስቲ ና፣ ሸሚዝህን አውልቅ" አሉ። ቅቤ ነክተው በአውራ ጣታቸው አከርካሪዬን ከላይ ወደ ታች ወረዱበትና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

"ይሄን መቼ አገኘኸው?"

"ወር አልፎታል። ስዘል ነው።"

"እንግዲህ ስማኝ። እጅ ቢሆን አሽቼ አስሬ እሰድህ ነበር፤ ይሄ ወገብ ነው። ከእንግዲህ ከአጥር ላይ እንኳ እንዳትዘል። ሁለተኛ ከወደቅክ እኔም አላቃናህ፣ ሌላም አያቃናህ።"

"እሺ።"

"እሺ አትበለኝ። ሄደህ ለአባትህ ንገራቸው።"

እስከ ቢቸና ድረስ ቃሉን ስለማመደው መጣሁ። ቤት ስገባ ጎረቤት ተሰብስቦ ስለ ስቅለቱ ልቅሶዬ ያወራል፤ እንዲህ ያለ ልብ ለልጆቻቸውም ይመኛሉ። ነገ እናገራለሁ ብዬ ተውኩት። ነገም ሌላ ጎረቤት መጣ።

የመሄጃዬ ቀን መኪናው ላይ ወጥቼ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ የመኪናውን ጎን ይዘው ቆሙ። ረዳቱ እንሂድ ይላል፤ እሳቸው አይለቁም።

"የረሳኸው ነገር የለም?" አሉኝ።

"የለም አባየ።"

"ደህና አድርገህ አስበው። ካለ ውረድ፤ መኪና ነገም አለ።"

"ምንም የለም።"

እጃቸውን አነሡ። መኪናው ተንቀሳቀሰና አቧራው ሸፈናቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዘለልኩ። ዝርዝሩን አልተርክላችሁም፤ ሐኪሙ በእስክሪብቶው የነካት ሁለተኛዋ ቦታ የዚያ ዕለት ናት። በቃሬዛ አነሡኝ። ወራት አልጋ ላይ ከርሜ በሁለት ምርኩዝ ቢቸና ገባሁ፣ አልሆንም ያልኩትን ሆኜ ማለት ነው። አባቴ የራሳቸውን አልጋ ለቀቁልኝ።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው፣ ለአርባቸው ስንሰናዳ፣ እናቴ ሽንኩርት እየላጠች "ወጌሻውን አክስትህ ቤት ያስቀመጡት እኮ እሳቸው ናቸው" ያለችኝ።

"ያውቁ ነበር?"

"ገና የመጣህ ዕለት ነው ያወቁት። ቁጭ ብለህ መነሣት አቅቶህ አልነበር? ለምን አይጠይቁትም ብላቸው፣ 'ተሰብሬ አልመለስም ያለኝን ልጅ እኔው ተሰብረሃል ልበለው? ራሱ ይንገረኝ፣ አላሳፍረውም' አሉ። ስቅለት ዕለት አብረውህ የተደፉት ሰው እንዳይረግጥህ ብለው ነው። ያን መኪና ይዘው ሲቆሙም አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል እያሉ ነበር።"

ብዙ ዓመት ተናደድኩባቸው። አንድ ጊዜ ውረድ ብለው ቢጎትቱኝ ምን ነበረበት? አሁን ከዕድሜያቸው አልፌ ንዴቱ ቀርቷል። እኔ እሳቸውን ፈርቼ ዝም አልኩ፣ እሳቸው እኔን አክብረው ዝም አሉ፤ መሀል ላይ የቀረው ወገቤ ነው። አሁንም የሚያንገበግበኝ ሕመሙ አይደለም፤ መኪናውን የያዘው እጃቸው ነው።

ከሐኪሙ ክፍል ስወጣ ልጄ ኮሪደሩ ላይ ስልኩን እየነካካ ይጠብቀኝ ነበር። ተነሣና ክንዴን ያዘ።

"እሺ አባባ፣ ሐኪሙ ምን አለህ?"

"ምንም፣ ዕድሜ ነው" የምትለዋ መልስ ምላሴ ላይ ነበረች። ሃምሳ ዓመት አገልግላኛለች። ልጄ ግን ክንዴን አልለቀቀም።

"ተቀመጥ" አልኩት። "ወገቤ ተሰብሯል። ቆይቷል። በጣም ያመኛል።"

አግዳሚው ላይ አብረን ተቀመጥን። ቃሉ ለአባቴ የሚገባ ነበር፤ እሳቸው ግን መኪናውን ከለቀቁ ቆይተዋል።